መብራት ሳይገዙ ዘይት መጠየቅ

ሰው አንድ ዕቃ ለመግዛት ወደ ገበያ በወጣ ጊዜ በልቡ ውስጥ ሁለት ዳኞች ይቀመጣሉ። አንደኛው ዐይን ነው፤ ሁለተኛው ኑሮ ነው። ዐይን ፍርዱ ፈጣን ነው፤ የሚያብለጨልጨውን ያከብራል፤ ጎረቤት ምን ይላል ብሎ ይጨነቃል፤ ገንዘቡም ከኪስ እስኪወጣ ድረስ ዕረፍት የለውም። ኑሮ ግን ዝግተኛ ዳኛ ነው። ዕቃው ወደ ቤት ገብቶ፣ ክረምትና በጋ ተፈራርቆበት፣ አቧራና ጭቃ ነክቶት፣ ሕፃን ጥሎት፣ ውርጭ አድሮበት ካልሆነ በቀር ፍርዱን አይሰጥም። የሚያሳዝነውም ነገር ዐይን የፈረደውን ኑሮ በይግባኝ በሚሽርበት ቀን ገንዘቡ ሄዷል፤ ጊዜውም አልፏል።

ጸሐፊዎች የመጻሕፍትን ጥሩነትና መጥፎነት ሲመረምሩ ኖረዋል፤ ይህም ተገቢ ነው፤ መጥፎ መጽሐፍ አንባቢውን ያስታልና። ነገር ግን በዚህ ዘመን አንድ ወጣት በዓመት ከሚያነበው መጽሐፍ ይልቅ በእጁ የሚይዘው ዕቃ ኑሮውን ይገዛዋል፤ ዕቃውን ግን ከሻጩ በቀር የሚመረምርለት ሰው የለውም። ስለዚህ ዛሬ ልተች የተነሣሁት መጽሐፍን ሳይሆን በመዳፍ የሚያዙትን ትንንሽ የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ነው፤ እነርሱም ራዲዮ፣ የፀሐይ ፋኖስና የእጅ ስልክ ናቸው። የምጠይቀውም አንድ ጥያቄ ነው፤ የኤሌክትሪክ መስመር በማይደርስበት ደጋ ለሚኖር ቤተ ሰብ ከእነዚህ የትኛው ይበጀዋል? ጥያቄው ቀላል የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። ለእኔም ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ዋጋውን ግን ሌላ ሰው ከፈለ።

አስቀድሜ ስለ አገሩ ጥቂት ልናገር። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጭላሎ ተራራ ሥር ተቀምጣ፣ በምዕራብ በኩል የስምጥ ሸለቆውን ቁልቁል የምታይ ከተማ ናት። በከተማይቱ መብራት አለ፤ ሲጠፋም ሰዉ ያጉረመርማል። ነገር ግን ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ጭላሎ፣ ወደ ጋለማ ወይም ወደ ካካ ዳገት የሚሄድ ሰው በብዙ ስፍራ ሩቅ ሳይሄድ የመጨረሻውን የመብራት ምሰሶ ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ ገብስና ስንዴ፣ በግና ፈረስ፣ ጭጋግና ውርጭ አለ፤ መስመር ግን የለም።

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም፣ በ2025 ከሕዝቡ 65 በመቶውን በመስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጪ በሆነ ኀይል ብርሃን ለማዳረስ ዐቅዶ ነበር። ዓመቱ አለፈ፤ ዕቅዱ ግን ገና አልተፈጸመም። በአርሲና በባሌ አዋሳኝ ያለው የመልካ ዋከና ግድብ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ ጀምሯል። ታላቁ የህዳሴ ግድብም በ5,150 ሜጋ ዋት ዐቅሙ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህ ሁሉ ልብን ደስ የሚያሰኝ ነው። ሆኖም ከግድቡ እስከ ጎጆው ያለው መንገድ ረጅም ነውና፣ መስመሩ እስኪደርስ ድረስ የደጋው ሰው ብርሃኑንም ወሬውንም በእጁ በሚይዘው ዕቃ ብቻ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ለከተማ ሰው የምርጫ ስሕተት የገንዘብ ኪሳራ ሲሆን፣ ለደጋው ሰው ከዚያ የከፋ ሊሆን ይችላል።

የወንድሜ ልጅ ከበቆጂ በላይ በካካ ተራራ ወገብ ላይ ገብስና ስንዴ እየዘራ፣ በግ እያረባ የሚኖር ወጣት ገበሬ ነው። ሚስት ባገባ ጊዜ፣ የአጎት ስጦታ የሚታይ መሆን አለበት ብዬ፣ ከጡረታዬ ባጠራቀምሁት ገንዘብ ትልቅ ስማርት ስልክ ገዛሁለት፤ በተለምዶ ‹‹ተች›› የሚሉትን ማለት ነው። በሰርጉ ዳስ ውስጥ ከካርቶኑ ሳወጣው ሕዝቡ አጨበጨበ። እውነቱን ልናገርና፣ ስልኩን የገዛሁት ለልጁ ብቻ አልነበረም፤ ለጭብጨባውም ጭምር ነበር። ሙሽራይቱ ግን አላጨበጨበችም። ስልኩን በሁለት እጅዋ ተቀብላ፣ ጉልበቴን ስማ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ በአፋን ኦሮሞ ‹‹አባባ፣ ይህ ምን ይበላል?›› ስትል ጠየቀችኝ። በአጠገባችን የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። የገበሬ ልጅ ናትና ስልኩን እንደ በሬ ቈጠረችው ተባለ።

ጥያቄዋን ክረምት መለሰው። በቤቱ የነበረችው አንዲት ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ፣ ሰዎች ሶላር የሚሏት፣ በበጋ ስልኩን እንደምንም ትመግበው ነበር። ሐምሌ ገብቶ ጭጋግ ተራራውን በሸፈነው ጊዜ ግን ለፋኖሱም አልበቃች አለች። ስለዚህ ስልኩ በየገበያው ቀን በሰው እጅ ወደ ከተማ እየተላከ፣ ቻርጅ በሚያደርጉ ሱቆች እያደረ መመለስ ጀመረ። ስልኩ ቤቱን ያገለግላል ሲባል፣ ቤቱ ስልኩን ሲጠብቅ የሚውል ሆነ። በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት የልጁን ሚስት ምጥ ከቀኑ ቀድሞ ያዛት። ስልኩ ከተማ ነበር። አንድ ብላቴና በፈረስ ወደ ጤና ኬላው ተላከ፤ ወንዙ ሞልቶ ስለ ነበር እስኪጎድል ድረስ ከዳር ቆሞ አነጋ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በደረሰች ጊዜ እናትዮዋ በሕይወት ነበረች፤ ሕፃኑ ግን አልነበረም።

ስልኩ በቤት ቢኖር ሕፃኑ ይድን ነበር ብዬ አልምልም፤ የእግዚአብሔርን ሥራ በሒሳብ አላወራርድም። ሠራተኛዋ አላጠፋችም፤ ስልኩን የሠሩትም አላጠፉም፤ ምግቡን በሚያገኝበት ስፍራ መልካም ስልክ ነበርና። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ብዙ ዓመት ለልጆች ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው፣ ለአንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ ልሠራው የምችለውን ሒሳብ ሳልሠራ ስጦታ ሰጠሁ። በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት የዐሥሩን ደናግል ምሳሌ ብዙ ጊዜ ሰምቼ ነበር። አምስቱ ሰነፎች የተነቀፉት መብራት ስላልነበራቸው አይደለም፤ መብራቱማ ነበራቸው። የተነቀፉት ዘይቱን ስላላሰቡ ነው። ሙሽራይቱ የጠየቀችኝ ስለ ዘይቱ ነበር፤ እኔ ግን መብራቱን እያሳየሁ ሳቅሁባት።

እንግዲህ ትችቴን በእርስዋ ጥያቄ ልጀምር። ብልኅ ገበሬ በሬ በሚገዛበት ጊዜ ቀንዱን አይቶ ብቻ አይመለስም። አራት ነገር ይጠይቃል። ምን ይበላል? ቢታመም በቅርብ የሚያክመው አለን? የእኔን ዳገት ያርሳልን? አራተኛውም፣ እርሱ ያገለግለኛል ወይስ እኔ እርሱን ሳገለግል እኖራለሁ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለእያንዳንዱ ዕቃ እናቅርብለትና መልሱን እንስማ።

በዕድሜ ታላቅ የሆነው ራዲዮ ነውና ከእርሱ እንጀምር። ትራንዚስተር የተባለችው ትንሽ ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ ላይ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ተሠራች። ከሰባት ዓመት በኋላ በ1954 ‹‹ሪጄንሲ ቲ አር 1›› የተባለው የመጀመሪያው የኪስ ትራንዚስተር ራዲዮ በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ለገበያ ወጣ። በውስጡ የነበሩት ትራንዚስተሮች አራት ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው እየረከሰ ሄዶ፣ በእኛ አገር በገበሬ ቤት ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ እስከ መገኘት ደረሰ። እኔ ልጅ ሳለሁ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ፣ በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት እስከ ተወረሰበት ጊዜ ድረስ፣ ከአዲስ አበባ ሆኖ በልዩ ልዩ ቋንቋ ይናገር ነበር። እኛም ተማሪዎቹ ማታ በመምህራችን ራዲዮ ዙሪያ ተሰብስበን፣ አንዱ ቢያስል ሌሎቹ እየተቈጡት፣ እናደምጥ ነበር።

ራዲዮ በዚህ በእኛ ደጋ ምን እንደ ሠራ የሚጠራጠር ወጣት ቢኖር የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ታሪክ ያስታውስ። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1973 በአሰላ አካባቢ በገበሬ ቤት ተወለደ። በ1980 በሞስኮ ኦሎምፒክ ምሩጽ ይፍጠር በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ እርሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ወሬውንም የሰማው በራዲዮ ነው። ልጁ አድጎ በ1996 በአትላንታና በ2000 በሲድኒ የ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ወሰደ። ዳገትና ሳንባ የሰጠው አምላክ ነው፤ የሩቁን ዓለም ግን ወደ ጎጆው ያመጣችለት ያች ትንሽ ሣጥን ናት። ምስል አላሳየችውም፤ ምስሉን ራሱ በልቡ ሠራው። ምናልባትም ጥቅሟ በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ራዲዮ ለአራቱ ጥያቄዎች እንዴት ይመልሳል? የሚበላው ጥቂት ነው፤ በቀን ጥቂት ሰዓት ለሚያደምጥ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ብዙ ሳምንት ያገለግሉታል፤ ድንጋዩም በመንደር ሱቅ ይገኛል። ቢታመም ብየዳ የሚያውቅ ልጅ ሁሉ ይሞክረዋል። በዳገቱ ነገር ግን ገዢ ይጠንቀቅ። ዛሬ ከሚሸጡት ርካሽ ራዲዮዎች ብዙዎቹ ኤፍ ኤም ብቻ ናቸው። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ዐይን እይታ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይጋርደዋል። መካከለኛ ሞገድ ግን መሬት ለመሬት ርቆ ይሄዳል፤ አጭር ሞገድም ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ ተራራውን ተሻግሮ ይወርዳል። ስለዚህ ከካካ ጀርባ የሚኖር ሰው እነዚህ ሁለቱ የሌሉበትን ራዲዮ ቢገዛ፣ ዝምታን በገንዘቡ ገዛ ማለት ነው።

የራዲዮ ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው፤ ይናገራል እንጂ አይሰማም። በዚያች የነሐሴ ሌሊት ራዲዮ ቢኖር ኖሮ የዓለምን ወሬ እየነገረን ያድር ነበር፤ የእኛን ጭንቅ ግን ለማንም አይነግርልንም። የድንጋዩን ወጪ ለማስቀረት ትሬቨር ቤይሊስ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1991 ገደማ ስለ አፍሪካ የኤድስ በሽታ በቴሌቪዥን የቀረበ ዝግጅት አይቶ፣ እንደ ሰዓት በእጅ እየተሞላ የሚሠራ ራዲዮ ፈለሰፈ። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ተመርቶ ወጣ፤ አንድ ጊዜ ሲሞላም ግማሽ ሰዓት ያህል ይናገር ነበር። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው፤ ምግቡ የባለቤቱ ክንድ ነውና። ነገር ግን ግዙፍና ከባድ ስለ ነበር፣ ኋላ የመጡት ዐይነቶች ክንድን ከፀሐይና ከሚሞላ ባትሪ ጋር አጣመሩ።

የፀሐይ ፋኖስ ደግሞ ከኩራዝ ጋር ሲተያይ ምስጋናው ብዙ ነው። በኩራዝ ጭስ ዐይኑ እያለቀሰ ያጠና ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ላምባ አይፈልግም፤ ጎጆ አያቃጥልም፤ ለስልክም ትንሽ ምግብ ያካፍላል። ለደጋ አገር ደግሞ አንድ የማይጠበቅ ጸጋ አለው፤ የፀሐይ ሰሌዳ ብርድ አይጠላም፤ እንዲያውም ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀዝቃዛ ቀን ከቆላው ሙቀት ይልቅ በደኅና ይሠራል። ብርድን የሚጠላው ባትሪው ነው። ውርጭ በሚወርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደጅ ያደረ ባትሪ ዐቅሙ ይደክማል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሳለ ቻርጅ ማድረግም ይጎዳዋል። ስለዚህ ሰሌዳው ደጅ ይዋል፤ ባትሪው ግን ሰው ዘንድ ይደር።

የፋኖሱ ነቀፌታ በዕቃው ላይ ሳይሆን በገበያው ላይ ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቍጥር ትልቅ፣ በውስጡ ያለው ባትሪ ትንሽ የሆነበት ብዙ ነው። የዓለም ባንክ ቡድን ‹‹ላይቲንግ አፍሪካ›› በተባለው ፕሮግራሙ የእነዚህን ፋኖሶች ጥራት የሚመዝን መሥፈርት እንዲወጣ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህም ምርመራውን ቬራሶል የተባለው ተቋም ተረክቦታል። ወጣቱ ገዢ ሊያደርገው የሚገባው ነገር ቀላል ነው። ዋስትና ያለው መሆኑን ይጠይቅ፤ በሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ያስሞክር፤ ባትሪው ሲያረጅ ሊለወጥ የሚችል መሆኑንም ይመልከት። በዚህ የሚቈጣ ሻጭ ቢያጋጥመው፣ ቍጣው ራሱ መልስ ነው።

አሁን ወደ ስልክ ደረስን። ባለ ቁልፉን ስልክ ዛሬ ወጣቶች ይንቁታል፤ የሽማግሌ ስልክ ይሉታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 የተባለው ቀፎ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ፣ በዓለም እጅግ ብዙ ከተሸጡት የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች አንዱ መሆኑን ቢያውቁ ምናልባት ንቀታቸውን ይቀንሱ ነበር። ያን ቀፎ ያሰቡት ሰዎች ጥበባቸው ምን ላይ ነበር? አቧራ የማያስገባ የቁልፍ ገበታ ሰጡት፤ ከላብ እጅ የማያሟልጭ ጎን ሰጡት፤ በጨለማ የሚያበራ የእጅ ባትሪ ጨመሩለት፤ ጀርባውም በጥፍር ተከፍቶ ባትሪው እንዲለወጥ አደረጉ። ማለት፣ ዕቃውን ከመሥራታቸው በፊት የሚይዘውን እጅ አይተውታል። በእኔ አስተያየት የመልካም ዕቃ መለያው ይህ ነው፤ የመልካም መጽሐፍም እንዲሁ።

ቀላል መሆኑም ከንቱ አያደርገውም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የከፈተው 8028 የተባለው መስመር፣ ገበሬው ቁልፍ እየነካ የእርሻ ምክር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ እንዲሰማ የታሰበ ነበር፤ ለዚህ ስማርት ስልክ አላስፈለገም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብርም *127# በመደወል በባለ ቁልፍ ስልክ ገንዘብ ያስልካል። ኔትወርክ በቀጠነበት ዳገት ላይም ብዙ ጊዜ ድምፅ ያልፋል፤ ኢንተርኔቱ ግን ያነክሳል። ያን ጊዜ ውዱ ስልክ ከርካሹ የሚበልጠው በክብደቱ ብቻ ይሆናል።

ለስማርት ስልክም ፍርድ አላጓድልም። መዝገበ ቃላትን፣ ካርታን፣ ፎቶግራፍንና መጻሕፍትን በአንድ መዳፍ የያዘ ዕቃ ነው። የተማረ ወጣት መብራት ባለበት ስፍራ ሆኖ በልክ ቢጠቀምበት፣ እኔ በተማሪነቴ በሕልሜም ያላየሁትን ቤተ መጻሕፍት አገኘ ማለት ነው። ነቀፌታዬ ያለ ስፍራው በተቀመጠ ጊዜ ነው። ይህንንም በቃል ብቻ እንዳትቀበሉኝ፣ አንባቢዎቼ፣ እርሳሳችሁን አንሡና ያን ያልሠራሁትን ሒሳብ ከእኔ ጋር ሥሩ።

የባትሪ ምግብ የሚለካው በዋት ሰዓት ነው። 1,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ የባለ ቁልፍ ስልክ ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 3.7 ዋት ሰዓት ይሆናል። 5,000 የሚይዘው የስማርት ስልክ ባትሪ በዚያው ስሌት 18.5 ዋት ሰዓት ይሆናል። 3 ዋት የምትሰጥ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ በበጋ ቀን የአምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብታገኝ 15 ዋት ሰዓት ትሰበስባለች፤ በመካከል የሚባክነው ሲቀነስ 10 ያህል ይተርፋል እንበል። አንድ ዋት የምትወስድ ፋኖስ በሌሊት አራት ሰዓት ብትበራ 4 ትበላለች። የቀረው 6 ነው። በዚህ ባለ ቁልፉ ስልክ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይጠግባል፤ ጠግቦም ለብዙ ቀን ይቈያል። ስማርት ስልኩ ግን ለመጥገብ ከሦስት ቀን በላይ ይፈልጋል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ደግሞ ይራባል።

ይህ በበጋ ነው። በክረምት የሰሌዳይቱ ፍሬ በግማሽ ቢቀንስ፣ ከ5 ዋት ሰዓት ላይ ፋኖሱ 4 ወስዶ 1 ብቻ ይተርፋል። በዚያች አንድ ባለ ቁልፉ ስልክ በአራት ቀን ይሞላል፤ ከዚያ በላይ ስለሚቈይም ሳይጠፋ ክረምቱን ይሻገራል። ስማርት ስልኩን ለመሙላት ግን ከዐሥራ ስምንት ቀን በላይ ያስፈልጋል። ይህ እንግዲህ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ማባዛትና መቀነስ የሚያውቅ ልጅ ሁሉ ሊሠራው ይችላል። እኔ ያልሠራሁት ስላልቻልሁ አይደለም፤ ጭብጨባው ከሒሳቡ በፊት ስለ ታየኝ ነው።

አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ‹‹ታዲያ ሰሌዳውን ትልቅ ማድረግ ነው›› ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ የሚችል ሰው ያድርገው። ነገር ግን ነገሩን አስተውሉት። ስልኩን ለመመገብ ትልቅ ሰሌዳ፣ ሰሌዳውን ለማገልገል ትልቅ ባትሪ፣ ያን ሁሉ ለመክፈል የሚሸጥ በግ ያስፈልጋል። ከበሬው ይልቅ ግርግሙ የሚከብድበት ጊዜ ይመጣል። ባለቤቱም አራተኛውን ጥያቄ ያን ጊዜ ይጠይቃል፤ ማን ማንን እያገለገለ ነው? ዕቃ ለሰው የተፈጠረ አገልጋይ ነው። አገልጋይ ከጌታው በላይ መብላት በጀመረ ጊዜ ግን ስሙ አገልጋይ መሆኑ ይቀራል።

ሌላም ክርክር አለ፤ ይህም የከበደ ነው። ‹‹የከተማው ሰው ምርጡን ይዞ፣ ለገጠሩ ሰው ተራውን ትመክራለህን?›› ይሉኛል። ይህን ጥያቄ አከብረዋለሁ። የደጋው ልጅ ከከተማው ልጅ የሚያንስ አንዳች ነገር አይገባውም፤ መስመሩ ይድረሰው፤ ትምህርት ቤቱ ይብራለት፤ ይህን የሚጠይቅ ድምፅ ቢነሣ የእኔም አብሮ ይነሣል። ነገር ግን ክብር ማለት የከተማውን ሰው ዕቃ መያዝ አይደለም። ሰውን ማክበር ማለት ኑሮውን ጠይቆ፣ ለኑሮው የሚሆነውን መስጠት ነው። እኔ ውዱን ስልክ የሰጠሁት ያን ቤት አክብሬ መስሎኝ ነበር፤ ሙሽራይቱን አክብሬ ቢሆን ኖሮ ግን ጥያቄዋን እመልስላት ነበር።

ከኀዘኑ በኋላ ባልና ሚስቱ ስልኩን ሸጡት። እኔን ላለማሳፈር አስቀድመው ፈቃዴን ጠየቁኝ፤ ይህ ትሕትናቸው ከማንኛውም ወቀሳ ይልቅ ቈረጠኝ። በገንዘቡ ጀርባው የሚከፈት አንድ ባለ ቁልፍ ስልክ፣ ዋስትና ያለው አንድ የፀሐይ ፋኖስና መካከለኛ ሞገድ የሚይዝ አንድ ትንሽ ራዲዮ ገዙ፤ የተረፈውም አንዲት የበግ ጠቦት ገዛ። ወደ ሱቁ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ሴትዮዋ እያንዳንዱን ዕቃ እያነሣች ሻጩን ያንኑ ጥያቄ ትጠይቀው ነበር፤ ይህ ምን ይበላል? ሻጩም እንደ እኔ አልሳቀም፤ ክዳኑን ከፍቶ አሳያት።

ከገዙትም ዕቃ ይልቅ ያወጡት ደንብ ይበልጥብኛል። ስልኩ የባል ወይም የሚስት ሳይሆን የቤቱ ነው። በምሰሶው ላይ ቦታ አለው፤ ከቤት የሚወጣው ሌላ ስልክ በቤት ሲኖር ብቻ ነው። የጤና ኬላዋ ቍጥር በከሰል በግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ የጎረቤትም ሰው በሌሊት ቢቸግረው በሩን ያንኳኳል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ስልኩም አንድ ሌሊት ተርቦ አላደረም። እንግዲህ ዕቃን መምረጥ የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ዕቃውን በሥርዐት ማስቀመጥ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ ደመወዝ ታገኛላችሁ፤ ያን ጊዜም በገጠር ላለች እናት፣ ለወንድም ወይም ለእኅት ስጦታ መግዛት ትመኛላችሁ። ምኞቱ የተባረከ ነው። ነገር ግን ወደ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ወደ ቤታቸው ሄዳችሁ አንድ ሌሊት እደሩ፤ ቢቻል በነሐሴ። ፀሐይ በየት እንደምትወጣ፣ ኔትወርክ በየትኛው ድንጋይ ላይ እንደሚገኝ፣ ማታ ማን እንደሚያነብና ማን እንደሚታመም እዩ። ከዚያ በኋላ ግዙ። ስጦታችሁ ትንሽ ቢሆንና ማንም ባያጨበጭብላችሁ አይክፋችሁ። ተቀባዩም ስለ ዕቃው አንድ የዋህ ጥያቄ ቢጠይቃችሁ፣ እባካችሁ አትሳቁ፤ ቁጭ ብላችሁ መልሱለት።